ባሕር ማዶ የቀረ ደመወዝ

ከገራዶ፣ ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ገንዘብ አለው፡፡ አንደኛው በየወሩ በእጁ የሚቀበለው ነው፡፡ ይኸኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የአባት ቤት ቆርቆሮ የሚለብስበት፣ ታናሽ ወንድም የሚማርበት፣ ለበዓል በግ የሚገዛበት እርሱ ነው፡፡ ሁለተኛው ግን ወዲያው እጅ አይገባም፡፡ በሠራተኛው ስም በመዝገብ ተጽፎ የሚቀመጥ፣ ጊዜውና ማስረጃው ሲሟላ ብቻ የሚከፈል ነው፤ ይኸውም ጡረታ፣ የአገልግሎት ካሳና በትርፍ የተከፈለ ግብር ነው፡፡ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ሁለተኛውን ባሕር ማዶ ትቶት ይመጣል፡፡

ስለዚህ ጉዳይ ለተማሪና ለመንግሥት ሠራተኛ መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ እኅት ከሪያድ ወይም ከሮማ፣ አጎት ከሎንዶን ይዘውት የመጡት ወረቀት ቤት ሲገባ፣ «እስቲ አንተ ተማርሃል፣ አንብብልን» ተብሎ የሚሰጠው ለተማረው ልጅ ነው፡፡ እርሱም ቋንቋውን ቢያውቅ እንኳ የነገሩን ሥርዓት ካላወቀ፣ «ምንም አይደለም፣ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ነው» ብሎ ከመሳቢያ ይከተዋል፡፡ ከመሳቢያ የገባው ወረቀት ግን አንዳንድ ጊዜ የአንድ ሰው የሽምግልና እንጀራ ነው፡፡

እንግሊዞችም ወረቀት ፈለጉ

የወረቀት ችግር የድኻ አገር ሰው ዕጣ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ በእንግሊዞች ላይ የደረሰውን ይመልከት፡፡ በሰኔ 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሕዝብ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ ሰጠ፡፡ አገሪቱም በጥር 2012 ዓ.ም. ከኅብረቱ ወጣች፤ የመሸጋገሪያውም ጊዜ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. አበቃ፡፡ በእስፓኝና በፈረንሳይ ፀሐይና ርካሽ ኑሮ ፈልገው የሰፈሩ በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ እንግሊዞች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ጡረተኞች ናቸው፡፡ ትናንት ያለ ማንም ጠያቂ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች፣ ከመሸጋገሪያው ጊዜ አስቀድመው በዚያ አገር ይኖሩ እንደ ነበር በማስረጃ ማሳየት ግድ ሆነባቸው፡፡ በፈረንሳይ የሚኖሩት አዲስ የመኖሪያ ካርድ እንዲያወጡ ታዘዙ፡፡ የቤት ኪራይ ውሉን፣ የመብራት ደረሰኙንና የግብር ወረቀቱን በሥርዓት ያስቀመጠ ሰው ነገሩን በቀላሉ ጨረሰ፤ ያላስቀመጠው ግን ሲንከራተት ከረመ፡፡

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው፡፡ በየትም አገር ቢሆን የውጭ ሠራተኛ ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል፡፡ የየት አገር ነዋሪ ነህ? ስንት ዓመት መዋጮ ከፈልህ? ማስረጃህ የት አለ? ጡረታውም፣ የግብሩም ተመላሽ፣ የመኖሪያውም ፈቃድ በእነዚህ በሦስቱ ላይ የቆሙ ናቸው፡፡

በትርፍ የተከፈለ ግብር

በእኛ አገር የደመወዝ ግብር የሚታሰበው በየወሩ ነው፡፡ የመስከረም ግብር በመስከረም ደመወዝ ላይ ተቈርጦ ያልቃል፤ ሠራተኛው በጥር ሥራውን ቢለቅ ያለፈው ሒሳብ አይነካም፡፡ ስለዚህ «ግብር ይመለሳል» ሲባል ለብዙዎቻችን ተረት ይመስለናል፡፡

በእንግሊዝ አገር ግን የሚታሰበው የዓመቱ ገቢ በሙሉ ነው፡፡ የእነርሱ የግብር ዓመት የሚጀምረው በእኛ መጋቢት 28 ቀን ሲሆን፣ ማንም ሰው በዓመት እስከ 12,570 ፓውንድ የሚያገኘው ገቢ በተለመደው ሥርዓት ግብር አይከፈልበትም፡፡ አሠሪው ይህን ነጻ ገቢ ለ12 ወር አካፍሎ በየወሩ ያስብለታል፡፡ በምሳሌ እንመልከተው፡፡ አንድ ሰው በወር 2,000 ፓውንድ ያገኛል እንበል፡፡ ከዚህ ላይ በወር የሚደርሰው ነጻ ገቢ 1,047 ፓውንድ ከግማሽ ነው፤ በቀረው በ952 ከግማሽ ላይ በመቶ 20 ሲታሰብ የወሩ ግብር 190 ፓውንድ ከግማሽ ይሆናል፡፡ ይህ ሰው ከግብሩ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ስድስት ወር ብቻ ሠርቶ ወደ አገሩ ቢመለስ፣ ያገኘው በጠቅላላው 12,000 ፓውንድ ነው፡፡ ይህም ከነጻው ገቢ በታች ስለሆነ፣ በዓመቱ ውስጥ ሌላ የእንግሊዝ ገቢ ከሌለው በሕጉ ምንም ግብር የለበትም፤ እርሱ ግን 1,143 ፓውንድ ተቈርጦበታል፡፡ ይህ ገንዘብ የእርሱ ነው፡፡

ነገር ግን ማንም ፈልጎ አምጥቶ አይሰጠውም፡፡ ሥራውን ሲለቅ አሠሪው «ፒ 45» የሚባለውን ወረቀት ይሰጠዋል፤ በዚህም ላይ ያገኘው ደመወዝና የተቈረጠው ግብር ተጽፏል፡፡ እርሱም «ፒ 85» በሚባለው ቅጽ አገሩን ለቅቆ መሄዱን ለግብር መሥሪያ ቤቱ አስታውቆ ይጠይቃል፡፡ የመጠየቂያው ጊዜ የግብሩ ዓመት ካለቀ በኋላ አራት ዓመት ነው፡፡ ጥያቄው በራስ እጅ ሲቀርብ ክፍያ የለበትም፤ «እኔ አስመልስልሃለሁ» ብሎ ከተመላሹ ገንዘብ የሚካፈል ደላላ ግን በዚያም አገር ሞልቷል፡፡ ቅጹን አንብቦ መሙላት የሚችል ወንድም ያለው ሰው ይህን ድርሻ ለራሱ ያስቀራል፡፡

ዘጠኝ ዓመትና ዐሥር ዓመት

ወደ ጡረታው እንሂድ፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና፡፡

በ2008 ዓ.ም. በተለወጠው የእንግሊዝ ሕግ መሠረት፣ የመንግሥት ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት መዋጮ መክፈል ያስፈልጋል፡፡ ሙሉውን ለማግኘት ደግሞ በደንቡ 35 ዓመት ነው፡፡ የጡረታው ዕድሜም ከ2018 እስከ 2020 ዓ.ም. ድረስ ከ66 ወደ 67 ዓመት በጥቂት በጥቂቱ ከፍ እንዲል ተደንግጓል፡፡ እንግዲህ በሎንዶን ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ አገሩ የናፈቀው ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ቢመጣ የእንግሊዝ ጡረታ አይደርሰውም፤ የከፈለውም መዋጮ አይመለስለትም፡፡ አንድ ዓመት ቢጨምር ኖሮ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሚከፈለው አበል ይኖረው ነበር፡፡ ይህን የሚያውቅ ሰው የመመለሻ ቀኑን የሚወስነው በናፍቆት ብቻ ሳይሆን በሒሳብም ነው፡፡

ሁለተኛም ነገር አለ፡፡ ይህ ጡረታ ደሴም ሆነ ገራዶ ለሚኖር ሰው ይከፈላል፤ ነገር ግን አያድግም፡፡ በእንግሊዝ ለሚኖረው ጡረተኛ አበሉ በየዓመቱ ከፍ ይላል፤ በእስፓኝና በፈረንሳይ ለሰፈሩትም እንግሊዞች እንደዚሁ፡፡ እንግሊዝ ይህን ጭማሪ የምታደርገው በአውሮፓ ለሚኖሩትና ስለዚህ ጉዳይ ውል ባላቸው አገሮች ለሚኖሩት ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ከእነዚህ ውስጥ የለችበትም፡፡ ስለዚህ በ67 ዓመታቸው ወደ ደሴ የተመለሱ አዛውንት በ87 ዓመታቸውም የሚቀበሉት ያንኑ የመጀመሪያውን የፓውንድ ልክ ነው፡፡

ሦስተኛው ነገር በቀጥታ አንባቢን የሚመለከት ነው፡፡ የእንግሊዝ የጡረታ መሥሪያ ቤት በውጭ አገር ለሚኖሩ ጡረተኞች የሕይወት ማረጋገጫ ቅጽ ይልካል፤ ጡረተኛው በሕይወት መኖሩን በምስክር ፊት ፈርሞ እንዲመልስ ነው፡፡ ቅጹ ካልተመለሰ ክፍያው ይታገዳል፡፡ እንግዲህ እንግሊዝኛ የማያነቡ አንዲት እናት ባላቸው በሞት ተለይቷቸው የእርሱ ጡረታ የሚደርሳቸው ቢሆንና ይህ ፖስታ ቤታቸው ቢደርስ፣ የሚከፍትላቸው ማን ነው?

የሌላውም አገር ሥርዓት የየራሱ መልክ አለው፡፡ በጀርመን አገር ከ60 ወር በታች መዋጮ የከፈለ ኢትዮጵያዊ ከአውሮፓ ኅብረት ወጥቶ 24 ወር ከቈየ በኋላ፣ ከራሱ ደመወዝ የተቈረጠው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል፤ አሠሪው የከፈለው ድርሻ ግን እዚያው ይቀራል፡፡ 60 ወር የሞላው ሰው ደግሞ በዕድሜው የጡረታ መብት አለው፡፡ በአሜሪካ ለጡረታ 40 ነጥብ ያስፈልጋል፡፡ በዓመት ከአራት ነጥብ በላይ ስለማይገኝ፣ ይህ ማለት ቢያንስ 10 ዓመት መሥራት ነው፡፡ የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ጡረተኛ ደግሞ ከአገሪቱ ወጥቶ ስድስት ወር ከቈየ፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ክፍያው ሊቆምበት ይችላል፡፡

ስለ ኢጣልያ ለብቻው መናገር ይገባል፤ ብዙ እኅቶቻችን በሮማና በሚላኖ በቤት ሠራተኛነት አገልግለዋልና፡፡ በዚያ አገር የቤት ሠራተኛ እንደማንኛውም ሠራተኛ በሕግ የታወቀ መብት አላት፡፡ የእኛ ዓመት 13 ወር እንዳለው፣ የእነርሱም የደመወዝ ዓመት 13 ደመወዝ አለው፡፡ ሥራዋንም ስትለቅ ለእያንዳንዱ ዓመት ወደ አንድ ወር ደመወዝ የሚጠጋ የአገልግሎት ካሳ ይከፈላታል፡፡ በተለመደው ደንብ የእርጅና ጡረታ 67 ዓመት ዕድሜና 20 ዓመት መዋጮ ይጠይቃል፡፡ ነገር ግን ከታኅሣሥ 1988 ዓ.ም. ወዲህ መዋጮ መክፈል የጀመረች፣ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነች ሠራተኛ ጨርሳ ወደ አገሯ ከተመለሰች፣ 20 ዓመት ባይሞላትም በ67 ዓመቷ የከፈለችውን ያኽል ጡረታ መጠየቅ ትችላለች፡፡ ሰባት ዓመት ሠርታ «ምንም የለኝም» ብላ የተቀመጠች እናት ይህን ሳታውቅ ቀርታ ሊሆን ይችላል፡፡

ሁለት እኅትማማቾች

እስካሁን የተናገርነው ጡረታ ስላላቸው አገሮች ነው፡፡ ከወሎ ወጣት አብዛኛው የሚሄደው ግን ወደዚያ አይደለም፤ ወደ ዓረብ አገር ነው፡፡ በባቲ በኩል የአፋርን በረሃ ተሻግሮ በጅቡቲና በየመን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሚያደርሰውን መንገድ የማያውቅ የአካባቢያችን ሰው የለም፡፡

በሳዑዲ ዓረቢያ የእርጅና ጡረታ ለአገሩ ዜጋ የተሠራ ነው፡፡ የውጭ አገር የቤት ሠራተኛ በሕጉ የሚደርሳት፣ አራት ዓመት ካገለገለች በኋላ፣ የአንድ ወር ደመወዝ ነው፡፡ በሊባኖስ ደግሞ የ1946 (እ.ኤ.አ.) የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ገና ከመነሻው ከሕጉ ውጭ አድርጓቸዋል፡፡ በሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ማለት ኢቃማው፣ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነው፡፡ ደመወዝ የተከለከለች ልጅ ከቤቱ ብትወጣ ነዋሪነቷን ልታጣ ትችላለች፤ ነዋሪነቷን ስታጣ ደግሞ ደመወዟን የምትጠይቅበት በር ሊዘጋባት ይችላል፡፡ ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲባረሩ፣ ብዙዎቹ ከልብሳቸው በቀር ምንም ሳይዙ ነው የተመለሱት፡፡

አሁን ሁለት እኅትማማቾችን በሐሳባችን እናቁም፡፡ ታላቂቱ ሪያድ ናት፤ ታናሺቱ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በተከፈተው በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥራለች፡፡ የታላቂቱ ደመወዝ በብር ሲመነዘር የታናሺቱን ብዙ እጥፍ ነው፤ ቤተሰቡንም የምትረዳው እርሷ ናት፡፡ ታናሺቱ፣ ለምሳሌ 5,000 ብር የምታገኝ ከሆነ፣ በመቶ 7 ማለት 350 ብር ለጡረታ ይቈረጥባታል፤ አሠሪዋ ደግሞ በመቶ 11 ማለት 550 ብር ይጨምርላታል፡፡ በየወሩ 900 ብር በስሟ ይገባል፡፡ 10 ዓመት አገልግላ 60 ዓመት ሲሞላት ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዟ በመቶ 30 ይታሰብላታል፤ ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለችው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ በመቶ አንድ ከሩብ ይጨመርላታል፡፡ 30 ዓመት ካገለገለች በመቶ 55 ይሆናል ማለት ነው፡፡ ገንዘቡ ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን እስከ ዕለተ ሞቷ አይቋረጥም፡፡ ታላቂቱ በ60 ዓመቷ ያላት ግን በወጣትነቷ የሠራችው ቤትና የወንድሞቿ ምስጋና ነው፤ ያም ምስጋና ካልተረሳ፡፡

ይህ መብት በአገራችንም በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፡፡ የመንግሥት ሠራተኛ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 ጡረታው ሲደነገግለት፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን የራሱን አዋጅ እስኪያገኝ እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ 48 ዓመት ጠብቋል፡፡ ሁለቱም አዋጆች በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ታድሰዋል፡፡ ታዲያ በሪያድና በቤይሩት ላሉት ተራው መቼ ይደርሳቸዋል ማለት ትክክለኛ ጥያቄ ነው፡፡ ሕዝቧ እንደኛው ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄደው ፊሊፒን በ2011 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ በውጭ የሚሠሩ ዜጎቿን በአገሯ የማኅበራዊ ዋስትና መዝገብ እንዲገቡ አድርጋለች፤ ሠራተኛዋ ያለችው በረሃ ማዶ ቢሆንም መዋጮዋ ማኒላ ይመዘገባል፡፡ ሊሠራ የሚችል ነገር መሆኑን ይህ ያሳያል፡፡

ወደ አገር ሲመለሱ

የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው በ1996ቱ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 መሠረት ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቈጠራል፡፡ እንዲህ ያለው ሰው ተመልሶ በአገሩ ለመኖር ሲፈልግ መንገዱ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ ነው፤ ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» ይለዋል፡፡ ይህን የያዘ ሰው ለመግባት ቪዛ፣ ለመኖር የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለመቀጠርም የሥራ ፈቃድ አይጠየቅም፡፡ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሊኖረው ይችላል፡፡ መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በቋሚነት መቀጠር ግን አይፈቀድለትም፡፡

በዚህ አዋጅ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ፡፡ የውጭ ዜጎችን ከጡረታ ሥርዓት የሚያስቀረው ክልከላ ካርዱን በያዘው ሰው ላይ አይጸናም፡፡ ስለዚህ በ50 ዓመቱ ተመልሶ ወዲያው የተቀጠረ ሰው 60 እስኪሞላው ልክ 10 ዓመት አለው፤ ወርሃዊ ጡረታ ለማግኘት ይበቃዋል፡፡ በ52 ዓመቱ የተመለሰው ግን ስምንት ዓመት ብቻ ስለሚኖረው ወርሃዊ ጡረታ አይደርሰውም፡፡ ስለ ግብሩም ቢሆን፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በ12 ወር ውስጥ ከ183 ቀን በላይ በኢትዮጵያ የቈየውን ሰው እንደ ነዋሪ ይቈጥረዋል፡፡ ነዋሪ ደግሞ በውጭ አገር ስላገኘውም ገቢ ይጠየቃል፤ በውጭ የከፈለው ግብር ግን በደንቡ መሠረት ይታሰብለታል፡፡ ቀኑን መቍጠርና የውጭውን ደረሰኝ መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፡፡

ስምና ዕድሜ

ብዙውን ሰው የሚጥለው ግን የሕጉ ክብደት አይደለም፤ ስምና ዕድሜ ነው፡፡ መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋል፡፡ በፓስፖርት አንድ ዓይነት፣ በሥራ ውል ሌላ ዓይነት፣ በባንክ ደብተር ሦስተኛ ዓይነት ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ሦስት ሰው አድርጎ ያየዋል፡፡ የልደት ዘመንም እንዲሁ ነው፤ በእኛ አቈጣጠር የሆነውን ሳይለውጡ እንዳለ የጻፉት እንደሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያዛባል፡፡ ደላላ በጨመረላት ዕድሜ ፓስፖርት አውጥታ የሄደች ልጅ ደግሞ መዝገቡ ሁሉ በዚያው በሐሰተኛው ዕድሜ ይሞላል፤ ኋላ እውነተኛውን የልደት ወረቀት ብታመጣ ሁለቱ ይጣሉባታል፡፡ ይህን ገና ከመነሻው ማቃናት ይቀላል፡፡

በውጭ ያለ ዘመድ ያለው አንባቢ ዛሬውኑ ሊያደርገው የሚችል ሥራ አለ፡፡ የሥራ ውሉን፣ የደመወዝ ወረቀቶቹን፣ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥሩን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ሥራ ሲለቅ የተሰጠውን ማስረጃና የመግቢያና የመውጫ ማኅተም ያለበትን የፓስፖርት ገጽ ፎቶግራፍ አንሥቶ እንዲልክለት ይጠይቅ፡፡ አንዱን ቅጂ እቤት፣ ሌላውን ሌላ ቦታ ያስቀምጥ፡፡ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ቤቱን ዘግቶ የሸሸ ሰው፣ በአንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ወረቀት ምን እንደሚያገኘው ያውቃል፡፡ ቀጥሎም ሦስት ነገር በደብተር ይጻፍ፤ ሥራ የጀመረበትን ቀን፣ የለቀቀበትን ቀንና የአሠሪውን ሙሉ ስም፡፡

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ፡፡ በሰው አገር የተሠራ ሥራም እንዲሁ ነው፤ ካልተጻፈ እንዳልተሠራ ይቈጠራል፡፡ ስለዚህ ከሩቅ አገር የመጣ ፖስታ በእጃችሁ ሲገባ ቀኑን ተመልከቱ፣ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት፣ መልስ የሚፈልግ ከሆነ ጊዜው ሳያልፍ መልሱ፡፡